ይቅርታ የጠየቅሽበት ነገር ነው መልሱ

ጥያቄ፦

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የ21 ዓመት ልጅ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ኮምቦልቻ ነው። አባቴ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ከገባን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። አሁን ሜሪላንድ ውስጥ ኮሙኒቲ ኮሌጅ እማራለሁ። ማታ ማታ ነዳጅ ማደያ ሱቅ ካሸር ነኝ። በሚቀጥለው ዓመት ለነርሲንግ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር ላድርግ ብዬ የስኮላርሺፕ ፎርም ጀመርኩ። አንዱ ጥያቄ ‹ካደግሽበት ባህልና ማኅበረሰብ ይዘሽው የመጣሽው፣ ለካምፓሳችን የሚጠቅም ጥንካሬ ምንድን ነው?› ይላል። ሦስት ቀን ፈዝዤ አየሁት። ስፖርት አልሠራም፣ ክለብ የለኝም፣ በጎ ፈቃድ ሠርቼ አላውቅም። ይቅርታ ይደረግልኝና ጊዜውም የለኝም። እናቴ እንግሊዝኛ ስለማትሰማ ሐኪም ቤትም ባንክም የምወስዳት እኔ ነኝ፤ ለሐሙስም ቀጠሮ አላት። የዕቁባቸውን ደብተር የምይዘውም እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤት ውጪ ተማርኩ የምለው ልጅ ሆኜ ቁርኣን መቅራቴን ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ አልናገርም፤ አንድ ፕሮፌሰር ለተሳትፎ የሚሰጠውን ነጥብ ቀንሶብኛል። ‹ወላጆችሽ ኮሌጅ ጨርሰዋል?› ለሚለው ‹አዎ› ብያለሁ፤ አባቴ አስተማሪ ነበር። የቀረኝ ይሄ ጥንካሬ የሚሉት ነው። የሌለኝን ከየት ላምጣ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ እንዲሁ አነበብኩት። ሁለተኛውን ግን እስክሪብቶ ይዤ ነው። «ይቅርታ ይደረግልኝና» ካልሽው በኋላ ያለውን በሙሉ አሰመርኩበት። ድርሰትሽ ያለው እዚያ ነው። አንቺ ሰበብ ብለሽ ጻፍሽው፤ እኔ መልስ ሆኖ አገኘሁት።

በዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ኮሙኒቲ ኮሌጅ ውስጥ፣ የተማሪዎች አማካሪ ሆኜ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። የእኛ ልጆች ስለራሳቸው ሲጠየቁ ከአፋቸው መጀመሪያ የሚወጣው ቃል «ምንም» ነው። አንድ ሰኞ እንዳንቺ ባዶ ፎርም ይዛ የመጣች ልጅ ነበረች። ፎርሙን ደፋሁትና «እሱን ተዪው፤ ትናንት ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» አልኳት። «ምንም» አለች። «ስንት ሰዓት ተነሳሽ?» «አሥራ አንድ ሰዓት።» እሑድ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሰው ምን ሊሠራ ይነሳል?

ቀስ እያለ ወጣ። እናቷን ሥራ አድርሳ ተመለሰች። የቤቱ ማሞቂያ ከተበላሸ አራት ቀን ሆኖት ስለነበር ለአከራዩ ኢሜይል ጻፈች፤ ያውም የውሉን አንቀጽ ጠቅሳ። ታናሽ ወንድሟን አልጀብራ አስጠናች። ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ቤት ሄዳ ለሠላሳ ሰው ቡና አፈላች፤ የእድሩን መዋጮ ማን እንደከፈለ ማን እንደቀረው መዘገበች። ማታ የባዮሎጂ ላብ ሪፖርቷን ጨረሰች። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ የፎርሙ ጀርባ በእኔ የእጅ ጽሑፍ ሞላ። አዙሬ ሰጠኋት። «ምንም ያልሽኝ ይሄ ነው?» ሳቀች። ከዚያ ትንሽ አለቀሰች። ሶፍት አቀበልኳት። ቢሮዬ ውስጥ ከወረቀት ቀጥሎ ቶሎ የሚያልቀው ሶፍት ነው።

ለምን «ምንም» እንላለን? እኛ ቤት ለእናት የሚሠራ ሥራ፣ ሥራ አይባልም። ልጅ መሆን ነው። ውሃ ቀድቶ የመጣ ልጅ ሰርቲፊኬት አይጠብቅም። ቀዳሁ ብሎ ካወራ ደግሞ ጉረኛ ይባላል። የአሜሪካ ፎርም የተሠራው በተቃራኒው ነው። ሰው የሠራውን ራሱ ይናገራል ብሎ ይጠብቃል። አንቺ ለመናገር ታፍሪያለሽ፣ ፎርሙ ያልተነገረውን አያውቅም። እንዲህ ሆናችሁ ነው የተላለፋችሁት።

ነገሩ የአንቺ ብቻ ስላልሆነ ምሁራንም ደክመውበታል። ጥቂት ልንገርሽ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።) ፒየር ቡርዲዩ የሚባል ፈረንሳዊ ሶሲዮሎጂስት ከገንዘብ ሌላ «የባህል ካፒታል» የሚባል ሀብት አለ ብሎ ነበር። እንዴት እንደሚወራ፣ ከመምህር ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ፣ የትኛው ጥበብ «ከፍ ያለ» እንደሚባል ከቤታቸው ተምረው የመጡ ልጆች፣ ትምህርት ቤት ሲገቡ ሁለተኛ ቤታቸው የገቡ ያህል ነው። ችግሩ ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ «ሌሎቹ ልጆች ባዶ እጃቸውን ነው የሚመጡት» ብሎ መደምደሙ ነው። በ2005 ታራ ዮሶ የተባለች አሜሪካዊት ምሁር ይህን ድምዳሜ ገለበጠችው። የማንን ባህል ስለቆጠርን ነው ሌላው ባዶ የሆነው ብላ ጠየቀች። ከዚያም ትምህርት ቤት የማይቆጥራቸውን ስድስት ሀብቶች ዘረዘረች። ነገር ሲከፋ ተስፋን ይዞ መቆየት፣ ከአንድ በላይ ቋንቋ፣ ቤተሰብ፣ የሰው ትስስር፣ ለእኛ ተብሎ ባልተሠራ ቢሮ ውስጥ መንገድ ፈልጎ ማለፍ፣ በደልን እምቢ ማለት። ስሞቹን አትሸምድጂ። ፎርሙ ላይም አትጻፊያቸው፤ ገምጋሚዎቹ ከአንቺ በፊት ሰምተዋቸዋል።

ከእሷ በፊት ደግሞ ሉዊስ ሞል የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ቱሳን፣ አሪዞና ውስጥ አንድ ደስ የሚል ነገር ሠርተው ነበር። በ1992 አሳትመውታል። መምህራን የሜክሲኮ ተወላጅ የሆኑ ተማሪዎቻቸው ቤት ሄዱ። ወላጅ ለመምከር አይደለም፤ እነሱ ራሳቸው ሊማሩ ነው የሄዱት። እርሻ የሚያውቅ፣ ማዕድን ቁፋሮ የሠራ፣ ግንባታ የሚችል፣ ንግድ የገባው፣ መድኃኒት ቅጠል የሚለይ ቤተሰብ አገኙ። ባገኙት ላይ ተመርኩዘው ትምህርት ሠሩ። ዮሶም ሞልም የተናገሩት መጀመሪያ ስለ ላቲኖና ስለ ሌሎች አሜሪካውያን ማኅበረሰቦች ነው። ግን አንድ መምህር የእናንተን በር ቢያንኳኳስ ምን ያገኛል?

የመጀመሪያው ነገር ያ ደብተር ነው።

«የዕቁባቸውን ደብተር እይዛለሁ» ብለሽ በአንድ መስመር አለፍሽው። እስቲ ቁጭ ብለሽ አስቢው። 12 ሰው በየሁለት ሳምንቱ 500 ዶላር ቢጥል አንድ ዕጣ 6,000 ዶላር ነው። ባንክ የለም፣ ወለድ የለም፣ ክሬዲት ስኮር የለም። ያለው ደብተርና መተማመን ብቻ ነው። ደብተሩን የያዘው ሰው ማን እንደጣለ፣ ማን እንደቀረው፣ ግማሽ ዕጣ የገቡት እነማን እንደሆኑ፣ ቀድሞ ለበላው ዋስ ማን እንደሆነ ያውቃል። ዕጣ የደረሳት ሴትዮ አጣዳፊ ነገር ለገጠማት ጎረቤት ስትለቅላት፣ ተራው እንዴት እንደሚስተካከል የሚያሰላው እሱ ነው። የበላ ሰው መጣል ሲያቆምስ? ይህን በአካውንቲንግ ክፍል የብድር ስጋት ይሉታል። በእናንተ ሳሎን ግን ስጋቱ ስም አለው፤ ልጆች አሉት፤ ነገ ሱቅሽ ድረስ ቡና ሊገዛ ይመጣል። ሰው ሳታስቀይሚ ገንዘቡን ማስመለስ አለብሽ። ከደብተርሽ ውስጥ አንድ እንዲህ ዓይነት ቀን ፈልጊ። ማን ተቸገረ፣ ምን አላችሁ፣ አንቺ ምን ብለሽ ጻፍሽ? ስም ቀይሪ። የጻፍሽው ስለዚያች አንድ ቀን ከሆነ ገምጋሚው ሳይወድ በግድ ሁለተኛውን አንቀጽም ያነባል።

ሁለተኛው እናትሽ ናት። ብዙ ልጆች «ሁለት ቋንቋ እናገራለሁ» ብለው ይጽፋሉ። እውነት ነው፣ ግን ምንም አይናገርም። አንቺ ሐኪም ቤት የምትሠሪው ሌላ ነገር ነው። እናትሽ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ብትል ሐኪሙ ሆዷን ሊዳስስ ይችላል። አንቺ ግን ሆዷን እንዳላመማት ታውቂያለሽ። ፍርሃት ነው? ናፍቆት ነው? ከወንድሟ ጋር በስልክ ካወራች ወዲህ ነው የጀመራት? ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መዝነሽ፣ ከእሷም ከሐኪሙም ሳትጣዪ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ታወጫለሽ። «ምች መታኝ» ስትልሽስ? ቃሉ እንግሊዝኛ የለውም። ምልክቱን መንገር አለብሽ፣ ደግሞ እሷ ምክንያቱ ምን ይመስላታል የሚለውንም መንገር አለብሽ፤ አለበለዚያ የታዘዘላትን መድኃኒት አትውጠውም። ነርሲንግ ትምህርት ቤት ይህንን በሴሚስተር ሊያስተምርሽ ነው የሚፈልገው። አንቺ በመኪና ማቆሚያና በመጠበቂያ ወንበር ላይ ጀምረሽዋል።

ለዚህ ችሎታ ገበያም አለው። የዲሲ ከተማ በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አውጥቷል። በሕጉ መሠረት የመንግሥት ቢሮዎች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲዎች ለምረቃ ሁለተኛ ቋንቋ ይጠይቃሉ። አማርኛሽ በፈተና ያንን ሊሸፍንልሽ ይችል እንደሆነ ከመዛወርሽ በፊት ጠይቂ። የማትፈልጊውን የስፓኒሽ ኮርስ ከፍለሽ ከወሰድሽ በኋላ መስማት ያናድዳል። ያናደዳቸውን አውቃለሁ።

አሁን ወደ ዝምታሽ። እዚህ ላይ አልሸነግልሽም። ዝምታ ወርቅ ነው እንዳትዪኝ፤ እዚህ አገር ክፍል ውስጥ ዝምታ ዜሮ ነው። ኮርሱ ሲጀመር በሚሰጣችሁ ወረቀት (ሲላበስ የሚሉት) ላይ ተጽፏል። ነጥቡን የቀነሰው ሰውዬም ጠልቶሽ ላይሆን ይችላል። ያነበበው የማያውቀውን ቋንቋ ነው። እኛ መምህር ሲናገር አናቋርጥም። ሙሉ እርግጠኛ ሳንሆን እጅ አናወጣም። ሌላው ተማሪ ከተሳሳተ በሰው ፊት አናርመውም። ይሄ ሁሉ መናገር ካለመቻል አይመጣም፤ ሥነ ሥርዓት ነው። እሱ ጋ ሲደርስ ግን «አላነበበችም» ሆኖ ይነበባል።

እኔም ስመጣ ከአንቺ አልሻልም ነበር። የመጀመሪያ ሴሚስተሬ ላይ የፕሮፌሰሮቹ በር ላይ «ኦፊስ አወርስ ከ2 እስከ 4» የሚል ወረቀት አየሁ። ቢሮ ገብተው የራሳቸውን ሥራ የሚሠሩበት ሰዓት መሰለኝ። በእኔ ቤት «በዚህ ሰዓት አትረብሹ» ማለት ነበር። እንዲያውም በዚያ ኮሪደር ሳልፍ ጫማዬ እንዳይጮህ እጠነቀቅ ነበር። ዓመት ሙሉ! ለካስ ግቡና ጠይቁ ማለት ኖሯል። የነገረኝ አንድ የጋና ልጅ ነው፤ ለእሱም የነገረው ሌላ ሰው ነው። ዮሶ መንገድ ፈልጎ ማለፍ የምትለው እንዲህ ያለውን ነው መሰለኝ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ለዚያ ፕሮፌሰር አጭር ኢሜይል ጻፊ። ያደግኩበት ቦታ በመምህር ፊት ዝም ማለት አክብሮት ነው፣ እዚህ መናገር እየተማርኩ ነው፣ እስከዚያው ጥያቄዎቼን ጽፌ ባመጣ ወይም ቢሮዎ መጥቼ ባወራ ይቆጠርልኛል ወይ በይው። አታለቃቅሺ፣ ይቅርታም አታብዢ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ጥያቄ ከቤት ጽፈሽ ሂጂ፤ በመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ውስጥ ተናገሪው። ካለፈ በኋላ ልብሽ ይረጋጋል፤ የቀረውን ሰዓት በደህና ትሰሚያለሽ። ይህን የሚያነብ መምህር ካለ ደግሞ፣ ጥያቄውን ከአንድ ቀን በፊት መላክ ወይም ተማሪዎቹን መጀመሪያ ሁለት ሁለት አድርጎ ማነጋገር ምንም አያስከፍልም። ዝምተኞቹ ያን ቀን ሲናገሩ ይሰማል።

«ቁርኣን መቅራቴን ብቻ» ያልሽው ላይ ትንሽ ልቆይ። «ብቻ» የሚለውን ቃል ሰርዢው። ገና ፊደል ሳትለዪ ረጅም ነገር በቃልሽ መያዝ፣ ተሳስተሽ ከመጀመሪያው እንደገና መጀመር፣ ከአንቺ ትልቋ ስትቀራ መስማት፣ ታናሽዋን ማስቀራት። የአናቶሚ ኮርስ 206 አጥንት ሲደረድርብሽ ያ ልምድ አንቺ ጋ አለ። ከቃል መያዙ የበለጠ የምወደው ግን ሌላ ነው። የነቢዩ ሙሐመድ ንግግር በሚተላለፍበት በሐዲስ ትምህርት ውስጥ ኢስናድ አለ። ንግግሩ ብቻውን አይበቃም፤ ማን ከማን ሰማው የሚለው ሰንሰለት ይጠየቃል። ሰንሰለቱ መሀል ላይ ደካማ ሰው ካለ ንግግሩም ይደክማል። ይሄ እኮ የጥናት ወረቀት ግርጌ ላይ ምንጭ ጻፉ እያሉ የሚያስጨንቋችሁ ነገር ነው! ብዙ የእኛ ልጆች በመኮረጅ ተከስሰው እኔ ጋ ይመጣሉ። አብዛኞቹ ሌባ አይደሉም፤ የአዋቂን ቃል ሳይነካኩ መድገም አክብሮት ነው ተብለው ያደጉ ናቸው። «ሐዲስ ብትናገር ከማን ሰማኸው አትባልም?» ስላቸው ወዲያው ይገባቸዋል። ከቤተ ክህነት ትምህርት ለመጡት ደግሞ አንድምታን አነሳለሁ። የመጻሕፍት መምህሩ አንዱን ቃል «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያለ ሲፈታ የሰማ ልጅ፣ የእንግሊዝኛ መምህሩ «ለዚህ ግጥም ሌላ ትርጓሜ ስጥ» ሲለው ሊደነግጥ አይገባውም። ኮሌጁ ይህን አያውቅም። የሚያውቀው ዶሮ ወጥና እስክስታን ነው፤ በዓመት አንድ ቀን፣ ድንኳን ተክሎ። ቀኑን አልጠላውም፣ ሳምቡሳውን እበላለሁ። ግን ሳምቡሳ በልቶ ስለ ኢስናድ ሳይሰማ የወጣ መምህር ባህልሽን አወቀ አልልም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ባህል ስንል በደም የሚመጣ ነገር እንዳይመስልሽ። በ1970ዎቹ ዩሪ ትሬዝማን የሚባል ሰው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ካልኩለስ የሚወድቁ ጥቁር ተማሪዎችን ነገር መመርመር ጀመረ። ሰው ሁሉ ፍላጎት የላቸውም፣ ቤተሰብ አያግዛቸውም ይል ነበር። ሄዶ ሲያይ ሁለቱም ሐሰት ሆኖ አገኘው። ልጆቹ ጎበዞች ነበሩ፣ ይለፉ ነበር፣ ግን ብቻቸውን ያጠኑ ነበር። ከመጡበት ትምህርት ቤት ያወጣቸው ራስን መቻል እዚህ ጎዳቸው። የቻይና ተወላጆቹ ደግሞ ተሰብስበው ያጠናሉ፣ መልስ ያስተያያሉ፣ አንዱ የሌላውን ስህተት ያርማል። ትሬዝማን ጥቁር ተማሪዎቹን ለደካማ ተማሪ በሚሰጥ ማካካሻ አላሰባሰባቸውም። ከክፍሉ የበለጠ ከባድ ጥያቄ ሰጥቶ በቡድን አሠራቸው። ውጤታቸው ተለወጠ። ስለዚህ አብሮ ማጥናት የቻይና አይደለም፤ የሚያደርገው ሰው ነው።

ይህን የነገርኩሽ በምክንያት ነው። ኮምቦልቻ እያለሽ ለማትሪክ ያጠናሽው ብቻሽን ነው? መብራት ሲጠፋ በአንድ ስልክ ብርሃን አምስት ሆናችሁ አልነበር? የገባው ለአልገባው እያስረዳ? እዚህ ስትመጪ ያ ጠፋ፤ ክፍል ትገቢያለሽ፣ ትወጫለሽ፣ ሥራ ትሄጃለሽ። መልሺው። ሁለት ልጆች ፈልጊ፣ ሀበሻ ባይሆኑ ይሻላል፤ የእንግሊዝኛሽንም ነገር ይረዳል። ለፎርሙ አይደለም፣ ለኬሚስትሪው ነው። ለፎርሙም ግን ይሆናል።

አሁን አጻጻፉ። እንዲህ ያለ ድርሰት በመቶዎች አንብቤያለሁ፦ «እኔ ከሀብታም ኢትዮጵያዊ ባህል የመጣሁ ታታሪ ሴት ነኝ። ባህላችን መከባበርንና መረዳዳትን አስተምሮኛል።» ኢትዮጵያ የሚለውን አውጥተሽ ኔፓል ብትከችበት ምንም አይጎልበትም። ይሄ የእኔ መፈተኛ ነው። የሌላ ሰው ስም ገብቶበት የሚሄድ ዓረፍተ ነገር የአንቺ አይደለም። አሁን ይሄኛውን እዪ፦ «ሐኪሙ የእናቴን ሆድ መዳሰስ ሲጀምር እጄን አነሳሁ። ‹ሆዷ አይደለም› አልኩ። በአማርኛ ፍርሃት የሚቀመጠው ሆድ ውስጥ ነው።» ይሄን የፈጠርኩት እኔ ስለሆነ እንዳትጠቀሚበት። የራስሽ አለሽ። ደግሞ ከሥሩ «ነርስ ለመሆን የወሰንኩት በዚያች ቅጽበት ነው» ብለሽ አትጨምሪ፤ እውነት ካልሆነ በቀር። ሁሉም ሰው በዚያች ቅጽበት ነው የሚወስነው።

ኀዘንሽንም አትሽጪ። በሰኔ 2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኮሌጆች ዘርን ራሱን እንደ ነጥብ ቆጥረው እንዳይቀበሉ ከልክሏል። ግን ዋና ዳኛው በጻፉት ውስጥ፣ አመልካች ዘሩ ሕይወቱን እንዴት እንደነካው ከጻፈና ያም ካሳየው ወኔ ወይም ችሎታ ጋር በቀጥታ ከተያያዘ ማየት አይከለከልም ይላል። ከዚያ ወዲህ አንቺን ያስቸገረሽ ዓይነት ጥያቄ በየፎርሙ በዛ። አንዳንድ ልጆች ደግሞ «ስንት እንባ ቢሆን ነው ስኮላርሺፑ?» ብለው የሚያስቡ ይመስላሉ። ወሎ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ምን እንዳሳለፈ አውቃለሁ። መጻፍ ከፈለግሽ ጻፊ፤ ካልፈለግሽ የማንም ፎርም ሊያስወጣሽ አይገባም። ገምጋሚው ማወቅ የሚፈልገው ምን እንደደረሰብሽ ሳይሆን ምን እንደምታደርጊ ነው።

ታናሽ ካለሽ ደግሞ ይሄን ንገሪያቸው። ኮመን አፕ የሚባለው ማመልከቻ ከሃይስኩል የሚያመለክቱ ልጆች እስከ 10 እንቅስቃሴ እንዲዘረዝሩ ቦታ ይሰጣል። ከምድቦቹ መሀል የቤተሰብ ኃላፊነትና ደመወዝ ያለው ሥራ አሉ። ከእግር ኳስ ጋር በአንድ ዝርዝር፣ እኩል። ለማብራሪያው ያለው ቦታ 150 ፊደል ስለሆነ ቁጥር ይግባበት፤ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ስንት ሰው። አንቺም ትራንስፈር ብትሆኚ ሥራሽን ጻፊው። በሌሊት ብቻዋን ሱቅ የምትዘጋ፣ ካዝና የምትቆጥር፣ ሰካራም በትህትና የምታስወጣ ልጅ «ካሸር» ብቻ ብላ አትለፍ።

ይሄ ሁሉ ሀብት አለሽ ማለቴ ቱተር አያስፈልግሽም ማለት እንዳልሆነ ይያዝልኝ። አንዳንድ ኮሌጆች «ጠንካሮች ናችሁ» ማለትን በእርዳታ ፈንታ ይሰጡናል። ጥንካሬ የመጽሐፍ ዋጋ አይከፍልም። ስለዚህ የመጨረሻውን ነገር በደንብ ስሚኝ፤ ገንዘብም አለበት።

«ወላጆችሽ ኮሌጅ ጨርሰዋል?» ለሚለው «አዎ» ብለሻል። አባትሽ ያስተማሩት በዲግሪ ነው ወይስ ከ12ኛ ክፍል በኋላ አንድ ዓመት ቲቲአይ (የመምህራን ማሠልጠኛ) ገብተው በሰርቲፊኬት? በእሳቸው ዘመን አንደኛ ደረጃ ያስተማረ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው። ይህ አገር በፌዴራል ደረጃ የመጀመሪያ ትውልድ ተማሪ የሚለው ከወላጆቹ አንዳቸውም የአራት ዓመት ዲግሪ የሌላቸውን ነው። ሰርቲፊኬትና ዲፕሎማ እዚያ ውስጥ አይቆጠሩም። ትሪዮ የሚባሉት ፕሮግራሞች ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለእንዲህ ዓይነት ተማሪና ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪ ነው የቆሙት፤ ግሪን ካርድ ያለውም ይገባል። ኮሌጅሽ ውስጥ ካለ አማካሪ፣ ቱተር፣ የትራንስፈር ጉብኝት ታገኛለሽ። አንድ «አዎ» ይህን ሁሉ ዘግታብሽ ይሆናል።

ለምን «አዎ» እንዳልሽ ይገባኛል። «አባቴ አልተማረም» ብሎ መጻፍ ነውር መስሎሽ ነው። እንዲህ የሚያደርጉ ልጆች በየዓመቱ አያለሁ። አባትሽ ጋ ሄደሽ ጠይቂያቸው። ጥያቄው የእሳቸውን እውቀት እንደማይመዝን፣ አንድ ወረቀት ብቻ እንደሚጠይቅ አስረጃቸው። አስተማሪ ናቸው፣ ይገባቸዋል። ከፈለግሽ ድርሰቱ ውስጥ ክብራቸውን መልሺላቸው፤ በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንዳስተማሩ ጠይቂና ቁጥሩን ጻፊ።

ሐሙስ ግን የእናትሽ ቀጠሮ ነው። ነገ ሐኪም ቤቱ ደውዪና የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲያዘጋጁ ንገሪያቸው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት በነጻ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ አስተርጓሚ ይዛችሁ ኑ ሊላችሁ አይችልም። በስልክም በቪዲዮም ሊሆን ይችላል። ትርጉሙን እሱ ይሥራ። አንዳንድ ነገር በልጅ ፊት አይነገርም፣ እናትሽም የደበቀችሽ ይኖራል። አንቺ አንድ ቀን እንኳ እንደ ልጅ አጠገቧ ቁጭ በይ። አስተርጓሚው «ባር ባር» ላይ ሲደርስ ምን እንደሚል ደግሞ ጆሮሽን ጣል አድርጊ።